ገና ላልመጣ ጎረቤት የተገነባ ግድግዳ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የምንኖርበት ቤት ፊቱ ጠባብ፣ ወደ ኋላ የረዘመ፣ በግራም በቀኝም ከሌሎች ቤቶች ጋር የተጣበቀ የጡብ ቤት ነው። እዚህ ከተማ የኖረ ሰው ሁሉ ሮው ሃውስ (የረድፍ ቤት) ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያውቅ ብዙ አልገልጸውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስተግራችን ያለው ቤት ተሸጠ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበት እናት ሲያርፉ ልጆቻቸው ሸጡት፤ የገዛው ድርጅትም ውስጡን እስከ ጡቡ ድረስ አራቁቶ፣ ቤዝመንቱን ወደ ታች ቆፍሮ፣ አንዱን ቤት ሁለት አድርጎ ለመሸጥ ሥራ ጀመረ። ጩኸቱንና አቧራውን እንደምንም ቻልነው። አንድ ቀን ጠዋት ግን ደረጃችን አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ከወለሉ ጠርዝ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣ፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አየሁ።

የሥራውን ኃላፊ ጠርቼ አሳየሁት። ትኩር ብሎ አየና፣ «እናንተ በእናንተ በኩል ያለውን ግድግዳ አሠሩ፤ እኛ በእኛ በኩል ያለውን እንሠራለን» አለኝ። በትሕትና የተነገረ መልስ ነበር፤ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በሁለት ቤቶች መካከል ያለው ግድግዳ አንድ ከሆነ፣ «በእናንተ በኩል» እና «በእኛ በኩል» የሚባለው የት ላይ ነው የሚለየው? ልስኑ ላይ ነው? ወይስ በጡቡ መሃል ዓይን የማያየው መሥመር አለ? ይህን ጥያቄ ይዤ ስለ ረድፍ ቤቶች ታሪክ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። ያገኘሁት መልስ ከጡብና ከኖራ ተነሥቶ፣ ማን ከማን አጠገብ እንዲኖር ተፈቀደ፣ ማንስ ተከለከለ እስከሚለው ጥያቄ ድረስ የሚዘልቅ ሆነብኝ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተራቆተው ግድግዳ

ነገሩ በዓይኔ የተገለጠልኝ የጎረቤቱ ቤት ውስጥ የገባሁ ዕለት ነው። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ድርጅቱ ስንጥቁን የሚመረምሩ አንድ አዛውንት ግንበኛ ላከ። እኒህ ሰው በዚሁ ከተማ ተወልደው ያደጉ፣ አባታቸውም ግንበኛ የነበሩ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ስንጥቁን በእኛ ቤት በኩል መርምረው ሲያበቁ፣ «ና፣ ከወዲያ በኩል ደግሞ አብረን እንየው» ብለው ይዘውኝ ሄዱ።

ቤቱ ውስጥ ልስን የሚባል ነገር አልቀረም፤ የላይኛው ወለል በከፊል ተነሥቶ ከምድር ቤቱ ሆኖ ጣራው ድረስ ይታያል። የጋራው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ራቁቱን ቆሟል። ሽማግሌው የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው መጀመሪያ ያሳዩኝ የጡቡን ቀለም ነበር። በመንገዱ በኩል ያለው የቤቱ ፊት የተሠራበት ጡብ ደማቅ ቀይና ጠንካራ፣ ጠርዙም ቀጥ ያለ ነው፤ ይህኛው ግን ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ቅርጹም ያልተስተካከለ ነበር። አንዱን በጥፍራቸው ጫር ሲያደርጉት ዱቄት ረገፈ። ጡብ ሲተኮስ ለእሳቱ ቅርብ የሆነው በደንብ በስሎ ይጠነክራል፤ ራቅ ያለው ሳይበስል ይወጣል። ያልበሰለው ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ዝናብና ውርጭ በማይደርስበት ቦታ፣ ማለትም በሁለት ቤቶች መካከል ባለው ግድግዳ ውስጥ ይገነባል። «ይህ ግድግዳ ፀሐይ እንዲያይ አልተሠራም» አሉኝ፤ «የሠሩት ሰዎች በዚህም በዚያም በኩል ሁልጊዜ ቤት እንደሚኖር አስበው ነው የሠሩት።»

ከዚያ ባትሪውን ወደ ላይ አነሡት። በግድግዳው ላይ በእኩል ርቀት የተደረደሩ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ጫፋቸው የሚገባባቸው ናቸው። የዚያ ቤት አግዳሚዎች ወጥተው ቀዳዳዎቹ ባዶ ቀርተዋል። መሰላሉ ላይ ወጥቼ በአንዱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ስመለከት፣ ከኋላው ከነበረው ጡብ ከፊሉ ወድቆ፣ ጠቆር ያለ የሌላ እንጨት ጫፍ ብቅ ብሏል። «እሱ የአንተ ወለል ነው» አሉኝ። ልጆቼ የሚተኙበት ክፍል ወለል ነበር። በሰው ቤት ውስጥ መሰላል ላይ ቆሜ የራሴን ቤት በጣቴ ነካሁት።

ሽማግሌው እዚያው ሳለን የእንጨቱ ጫፍ ወደ ኋላ ዘንበል ተደርጎ በሰያፍ መቆረጡን አሳዩኝ። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ድምፃቸው ሞቅ አለ። ቤት ተቃጥሎ ወለሉ መሃሉ ላይ ቢሰበር፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ እንጨት ወደ ታች ሲወድቅ የግድግዳውን ጡብ ፈንቅሎ ይጥለዋል፤ በሰያፍ የተቆረጠው ግን ግድግዳውን ሳይጎዳ ተንሸራትቶ ይወጣል። ይህን እንጨት የቆረጠው አናጢ ከመቶ ዓመት በፊት፣ በአንዱ ቤት የሚነሣ እሳት የሌላውን ቤት ግድግዳ ይዞ እንዳይወድቅ አስቦ ነው መጋዙን ያዘነበለው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል በእንጨት ላይ ተሠርቶ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

የስንጥቁ መንሥኤም ወዲያው ታወቀ። የቆየ መሠረት ከሥሩ ሲቆፈር ሥራው በጥቂት በጥቂቱ መሄድ አለበት፤ አንድ ሜትር ገደማ ይቆፈራል፣ ኮንክሪት ይሞላል፣ እስኪጠነክር ይጠበቃል፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ሌላው ይከፈታል። እዚያ ግን ረጅም ቦታ በአንድ ጊዜ ተከፍቶ ነበርና ግድግዳው ትንሽ ሰመጠ፤ ከእሱ ጋር ሁለቱም ቤቶች ሰመጡ። የሥራ ኃላፊው በቃሉ ለሁለት የከፈለው ግድግዳ በአካል ሲታይ የሚከፈል አልነበረም።

ቀድሞ የሠራ፣ ኋላ የመጣ

የጋራ ግድግዳ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ከጀርባው ረጅም የሕግ ታሪክ አለ፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከእሳት ነው። በ1666 ለንደን ስትቃጠል ከ13,000 በላይ ቤቶች ወደሙ። በዓመቱ የወጣው የመልሶ ግንባታ ሕግ ቤቶች በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠሩ አዘዘ፤ የቤቱን ከፍታና የግድግዳውን ውፍረት እንደ መንገዱ ደረጃ ወሰነ። በሁለት ይዞታዎች መካከል ያለው ግድግዳ ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው መሬት ላይ እንዲያርፍ፣ ቀድሞ የሚሠራው እንዲያቆመውና ኋላ የሚመጣው ድርሻውን እንዲከፍለው ደነገገ። ኒኮላስ ባርቦንን የመሰሉ ነጋዴዎች በዚህ ሕግ ላይ ተመሥርተው ሰፋፊ ቦታዎችን ወደ ጠባብ ይዞታዎች እየሸነሸኑ አንድ ዓይነት ቤቶችን በረድፍ ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። ዛሬ ሪል እስቴት የምንለው ንግድ መልኩን የያዘው ያን ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዊልያም ፔን ፊላደልፊያን በ1682 ሲመሠርት ይህን የለንደን እሳት ያልረሳ ሰው ነበር። የፈለገው እያንዳንዱ ቤት በሰፊ ግቢ መሃል፣ በአትክልት ተከብቦ የሚቆምበትን፣ እሳት ከቤት ወደ ቤት የማይዘልበትን ከተማ ነበር። ሰው ግን ወደ ወደቡ ተጠግቶ መኖርን መረጠ። ባለ ሰፊ ይዞታዎቹ መሬታቸውን እየቆራረጡ ሸጡ፤ በብሎኮቹ መሃል ቀጫጭን መተላለፊያዎች ተከፈቱ፤ በዳርና ዳራቸውም ቤቶች ተጣብቀው ተደረደሩ። ኤልፍሬትስ አሊ የሚባለው ጠባብ መንገድ ዛሬም 32 ቤቶቹን ይዞ እዚያው አለ። በከተማዋ ካሉት ቤቶች ደግሞ እኔ የምወደው ትሪኒቲ የሚሉትን ነው፤ ሦስት ፎቅ ሆኖ በእያንዳንዱ ፎቅ አንድ ክፍል ብቻ ያለው፣ በጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ የሚወጣ ቤት ነው። ስሙን ከሥላሴ ያገኘው በሦስቱ ክፍሎች ምክንያት ነው። የሠራተኛ ቤተሰብ በዚያ ውስጥ ልጆች አሳድጓል። ፔን የሸሸው የተጣበቀ ቤት ከተማውን ወረሰው፤ ሕግ አውጪዎቹም በ1721 የጋራ ግድግዳ የሚቆጣጠሩ ሹሞች እንዲኖሩ አደረጉ።

ዋሽንግተን ዘንድ ስንደርስ ደንቡ ከከተማዋ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን በጥቅምት 1791 የከተማዋ ቦታዎች ለሽያጭ ሲቀርቡ ያወጡት የግንባታ ደንብ የውጭና የጋራ ግድግዳዎች ሁሉ በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠሩ ያዛል። በዚያው ደንብ ያለውን አንድ አንቀጽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አንድ ሰው ባዶ ቦታ ገዝቶ ሊሠራ ይመጣል እንበል። በአጠገቡ ያለው መሬት ሣር ብቻ ነው፤ ማን እንደሚገዛው፣ መቼ እንደሚሠራበት አይታወቅም። ደንቡ ግን የጎን ግድግዳው መሠረት በሁለቱ ይዞታዎች ላይ እኩል እንዲያርፍ ይላል። የግድግዳውን ስፋትና ውፍረት የሚወስነው ገንቢው አይደለም፤ ከተማው የሾመው ተቆጣጣሪ ወደ ማንም መሬት ገብቶ፣ መሥመሩን አስምሮ ይወስናል። ሌላው ሰው በኋላ መጥቶ ቤቱን ከዚያ ግድግዳ ጋር ሊያያይዝ ሲፈልግ፣ ጡቡን ከመንካቱ በፊት የሚጠቀምበትን ክፍል ወጪ ግማሹን ለመጀመሪያው ይመልሳል።

ይህን ሳነብ የሠፈሩ መጀመሪያ በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ። የመጀመሪያው ሰው የራሱን ቤት ሲሠራ፣ ለራሱ ብቻ ቢሆን ከሚበቃው በላይ ወፍራም ግድግዳ በገንዘቡ ያቆማል፤ ሁለት ቤት መሸከም የሚችል ግድግዳ ነው። ግማሹ የቆመው ስሙን በማያውቀው ሰው መሬት ላይ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን፤ ይህ ደንብ ደግሞ የቅርብ ጎረቤቱ ሳይመጣ፣ ሳይታወቅ፣ ምናልባትም ሳይወለድ እንዲታሰብለት ያደርጋል። ማን ይሁን ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ግማሽ ወጪውን እንዲከፍል ብቻ ነው።

ጠባብነቱም ከዚሁ ግድግዳ ይመነጫል። አግዳሚ እንጨቶቹ ከአንዱ የጋራ ግድግዳ ወደ ሌላው ስለሚዘረጉ የቤቱን ወርድ የሚወስነው የእንጨቱ ርዝመት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሜትር ገደማ። ሸክሙን የሚይዙት የጎን ግድግዳዎቹ በመሆናቸው የፊት ግድግዳው ብዙ አይሸከምም፤ ስለዚህ ሰፊ መስኮት መክፈት፣ ጌጥ መጨመር፣ ቅርጹን መቀያየር ይቻላል። በዋሽንግተን መንገዶች ላይ ወደ ውጭ ያበጡት ባለ መስኮት ግንቦች የበዙት፣ መንገዶቹ እጅግ ሰፊ ስለነበሩ ከተማው በ1870ዎቹ መጀመሪያ ቤቶች ከይዞታቸው መሥመር አልፈው በመንገዱ መሬት ላይ እንዲወጡ ስለፈቀደ ነው። ዛሬ ሰው ፎቶ የሚያነሣው ያ ውብ ግንብ የቆመው በሕዝብ መሬት ላይ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

የሜሪላንድ ከተማ ባልቲሞር ሌላ ብልሃት ነበራት። እዚያ ገንቢው ቤቱን ይሸጥና መሬቱን ለ99 ዓመት፣ ውሉም ለዘላለም እየታደሰ እንዲሄድ አድርጎ ያከራያል። ገዢው የመሬት ዋጋ ስለማይከፍል በፋብሪካና በወደብ የሚሠራ ሰው ሳይቀር የቤት ባለቤት መሆን ቻለ። ባልቲሞር በረድፍ ቤቶቿ የታወቀችው፣ ሠራተኛው ሕዝብም የነጭ እብነ በረድ ደረጃውን በየሳምንቱ እያጠበ የሚኮራባት ከተማ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ውል ኋላ ላይ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ትንሽ ውዝፍ የመሬት ኪራይ የነበረባቸው ሰዎች ቤታቸውን እስከማጣት ደርሰው ሜሪላንድ በ2007 ሕጓን አሻሽላለች።

ብራያንት ጎዳና

የ1791ዱ ደንብ ጎረቤት ማን እንደሚሆን አልጠየቀም ብያለሁ። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት የቦታ ሻጮች ግን ጠየቁ። በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል፣ ብሉሚንግዴል በሚባለው ሰፈር፣ ብራያንት ጎዳና የሚባል መንገድ አለ። በመንገዱ አንድ ብሎክ ላይ 31 ይዞታዎች ነበሩ። በ1906 ከእነዚህ 20ዎቹ ሲሸጡ በባለቤትነት ሰነዳቸው ላይ አንድ ግዴታ ተጻፈባቸው፤ ይዞታው ለጥቁር ሰው ፈጽሞ እንዳይከራይ፣ እንዳይሸጥ፣ እንዳይተላለፍ፣ ይህን የጣሰ 2,000 ዶላር እንዲቀጣ፣ ቅጣቱም በቤቱ ላይ እንደ ዕዳ እንዲያዝ የሚል ነው። የቀሩት 11 ይዞታዎች ይህ ገደብ አልነበረባቸውም።

በ1944 ጄምስ ኸርድና ሜሪ ኸርድ ገደቡ ካለባቸው ቤቶች አንዱን ገዙ። ነጮቹ ጎረቤቶች ከሰሷቸው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ሽያጩ ፈራሽ ነው፣ ቤተሰቡም በ60 ቀን ውስጥ ቤቱን ለቆ ይውጣ ብሎ ፈረደ። ለኸርድ ቤተሰብ የቆሙት ጠበቃ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ነበሩ። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት የመሩ፣ በዘር መለያየት ሕጎች ላይ የተካሄደውን የፍርድ ቤት ትግል ያዋቀሩ ሰው ናቸው። ሃዋርድ ከብራያንት ጎዳና በእግር የሚደረስ ነው።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ግንቦት 3 ቀን 1948 በተሰጠው ፍርድ፣ በዚያው ቀን ከተወሰነው ተመሳሳይ ጉዳይ፣ ከሼሊ እና ክሬመር መዝገብ ጋር፣ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ገደብ ሊያስፈጽሙ እንደማይችሉ ተወሰነ። ከዘጠኙ ዳኞች ሦስቱ በችሎቱ አልተቀመጡም፤ ስድስቱ በሙሉ ድምፅ ፈረዱ። የፍርዱን ጽሑፍ ሳነብ ከሕግ ክርክሩ ይልቅ ዓይኔ ያረፈው እንደ ዋዛ በገባች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ገደብ ባልነበረባቸው በ11ዱ ይዞታዎች ላይ ክሱ ከመመሥረቱ በፊት ለ20 ዓመታት ጥቁር ቤተሰቦች ሲኖሩ ነበር።

እዚህ ላይ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። አንድ ብሎክ ነው፤ አንድ የእግረኛ መንገድ፣ አንድ ዓይነት ደረጃ፣ አንድ ዓይነት ጡብ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጥቁሮችና ነጮች በአንድ ብሎክ ውስጥ ኖረዋል፤ ሰነዱ ግን አንዱን ቤት የሚፈቀድ፣ ሌላውን የሚከለከል ብሎ ሲለያይ ኖሯል። መሐንዲሱና ግንበኛው ቤቶቹን እርስ በርሳቸው እንዲደጋገፉ አድርገው ሠሯቸው፤ ሻጩና ጠበቃው ደግሞ ማን ማንን ይደግፍ የሚለውን በወረቀት ሊመርጡ ሞከሩ። በጭካኔው ብቻ አልተናደድኩም፤ የሠሩትን ሰዎች ሥራ ያዋረደ መሆኑም ይበልጥ አስቆጭቶኛል። በሰያፍ የተቆረጠው እንጨት ከግድግዳው ወዲያ ያለው ልጅ ነጭ ይሁን ጥቁር ሳይጠይቅ እኩል ይጠብቃል።

ባልቲሞር በዚህም ረገድ ቀድማ ነበር። በ1910 ጆርጅ ማክሜከን የሚባል ጥቁር ጠበቃ ማክኩሎ ጎዳና ላይ ነጮች በሚኖሩበት ብሎክ ቤት ሲይዝ፣ የከተማው ምክር ቤት በዚያው ዓመት የጥቁርና የነጭ ብሎኮችን በሕግ የሚለይ ደንብ አወጣ፤ ሌሎች የደቡብ ከተሞችም ተከተሉት። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1917 እንዲህ ያለውን ደንብ ሲሽር፣ በሰነድ ላይ የሚጻፈው ገደብ ቦታውን ያዘ። በ1930ዎቹ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት የቤት ብድር ተቋም የከተሞችን ካርታ በቀለም ሲከፋፍል፣ ጥቁሮች የሚኖሩባቸው የረድፍ ቤት ሰፈሮች ቀይ ተቀቡ፤ ብድርም ራቃቸው።

በረድፉ መሃል ያለ ክፍተት

ብድር የራቀው ሰፈር ምን እንደሚገጥመው የገባኝ የሽማግሌውን የሮዝ ጡብ ትምህርት ከተማርኩ በኋላ ነው። ቤት ብቻውን የሚቆምበት ሰፈር ውስጥ አንዱ ቤት ቢተው ጎረቤቱን የሚጎዳው በመልኩና በዋጋው ነው። በረድፍ ውስጥ ግን ጉዳቱ በአካል ይተላለፋል። ባዶው ቤት ጣራው ሲያፈስስ ውኃው የጋራውን ግድግዳ ከላይ ይይዘዋል፤ ለስላሳው ጡብ ውኃውን ይጠጣል፤ ውርጭ ሲመጣ ይፈረካከሳል፤ የአግዳሚዎቹ ጫፍ በቀዳዳቸው ውስጥ ይበሰብሳል። በዚህ በኩል ያለችው እናት የራሷን ጣራ አሳምራ ብታስጠግንም የክፍሏ ግድግዳ ይረጥባል። ባዶው ቤት ቢፈርስ ደግሞ ፀሐይ እንዲያይ ያልተሠራው ግድግዳ ዝናብ ላይ ይቀራል።

ባልቲሞር ውስጥ በመኪና ስታልፉ በረድፉ መሃል እንደ ወለቀ ጥርስ የሚታየው ክፍተት፣ በጎኑ ላይ የድሮ ደረጃ ጥላና የግድግዳ ወረቀት ቀለም የቀረበት፣ በሲሚንቶ ተለስኖ የቆመ ግድግዳ ይህ ነው። ከተማዋ ከሺህ በሚቆጠሩ ባዶ ቤቶች ጋር ዛሬም ትታገላለች። ሁሉም በብድር እጦት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ፋብሪካዎች ተዘግተዋል፣ ሰው ወደ ከተማ ዳር ሄዷል። መንግሥት በገዛ እጁ ያፈረሰውም አለ። በምዕራብ ባልቲሞር በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ለአውራ ጎዳና ተብሎ ወደ 1,000 የሚጠጉ ቤቶች ፈርሰው፣ የተሠራው መንገድ ከዋናው አውራ ጎዳና ጋር ሳይገናኝ ቀረ፤ ነዋሪው «የትም የማያደርስ አውራ ጎዳና» ይለዋል። እዚህ ዋሽንግተን በደቡብ ምዕራብ ሰፈር ከ20,000 በላይ ሰው ተነሥቷል። ፌልስ ፖይንት የሚባለው የባልቲሞር የወደብ ሰፈር ግን ነዋሪዎቹ መንገዱን ተቃውመው ስላሸነፉ ዛሬም ቆሟል።

ከተማዋ በ1970ዎቹ አንድ ሌላ ነገር ሞክራለች፤ ኦተርባይን በሚባለው ሰፈር ለመንገዱ ሥራ ተብሎ የተወሰዱ፣ ሊፈርሱ የነበሩ ቤቶችን አድሶ ለሚኖርባቸው ሰው በአንድ አንድ ዶላር ሸጠች። የቤቶቹ ርካሽነት ብዙ ይወራል። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ በረድፍ ሆነው በአንድ ጊዜ መሰጠታቸው ላይ ነው። አንዱ ብቻውን ቢታደስና ሁለቱ ጎረቤቶቹ ጣራ አልባ ቢቀሩ ኖሮ የሰውየው ልፋት በግድግዳው በኩል ይፈስ ነበር።

ዛሬ ማን ይቆፍራል

እኛ ሐበሾች ወደዚህ ከተማ በብዛት መምጣት የጀመርነው ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ነው። መጀመሪያ በአዳምስ ሞርገን፣ ኋላም በዩ ጎዳናና በሾው ሰፈር ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈትነው በእነዚሁ የረድፍ ቤቶች ውስጥ ነበር። ብዙዎቹ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በ1968 ከተነሣው ሁከት በኋላ ሌላው ሰው የሸሻቸው፣ ኪራያቸው የረከሰ ቤቶች ነበሩ። ስለዚህ የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈሮች ታሪክ ለእኛ የሌላ ሰው ታሪክ ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። ግድግዳውን ሌሎች አቁመውት፣ ሌሎች በፍርድ ቤት አስከብረውት ነው እኛ ደርሰን የተጠጋነው። በ1970 ከከተማዋ ነዋሪ ከአሥሩ ሰባቱ ጥቁር ነበር፤ በ2011 ከግማሽ በታች ወረደ። አሁን ዋጋው ወደ ላይ ሲወጣ የእኛዎቹ ምግብ ቤቶችም እየለቀቁ ነው።

የእኛ ስንጥቅ ተጠግኗል፤ ወጪውን ድርጅቱ ከፈለ። ሽማግሌው ጥገናውን በሲሚንቶ ብቻ እንዳይሠራ አጥብቀው ተከራከሩ፤ ለስላሳ ጡብ ከሱ በጠነከረ ማያያዣ ከተያዘ ግድግዳው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚሰበረው ጡቡ ነው፣ ኖራ ግን አብሮት ይላላል። ያ ሥራ ተጠናቋል። ቁፋሮው ግን በመንገዳችን ላይ አልቆመም፤ ቤት በተሸጠ ቁጥር ቤዝመንት ይቆፈራል፣ ጣራ ላይ ፎቅ ይጨመራል።

ሕጉ ቆፋሪው ለጎረቤቱ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ደብዳቤው ሲመጣ ግን በምህንድስና ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ በእኛ መንገድ የሚደርሳቸው ሰዎች ከፊሎቹ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። የከተማው ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚገባው ፈቃድ በተሰጠው ቤት በር ነው፤ የግድግዳውን ሌላ ወገን አያይም። በ1791 ግን ደንቡ ለተቆጣጣሪው በማንም መሬት ላይ የመግባትና በሁለቱ ወገኖች መካከል የመወሰን ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። ጎረቤቶቼና እኔ ለምክር ቤት አባላችን የጻፍነው ያንኑ ነው። ማንኛውም የጋራ ግድግዳ መሠረት ከመነካቱ በፊት ተቆጣጣሪው በሁለቱም ቤቶች ይግባ፤ በሁለቱም በኩል ያለው ግድግዳ ፎቶ ይነሣ፣ ያሉት ስንጥቆች ይለኩ፤ ቁፋሮው በየደረጃው ሲከፈት ጎረቤቱ የሚያምነው መሐንዲስ ቆሞ ይይ፤ የዚህ ሁሉ ወጪ ደግሞ በሚቆፍረው ላይ ይሁን።